የዘርጋው ጀሪካን

ትናንት ያየሁትን ሕልም ለጠላቴ እንኳ አልመኝም። ለዘርጋው ግን እመኝለታለሁ።

ዘርጋው ጎረቤቴ ነው። ትናንት ለዕድራችን ዳኝነት የተወዳደርነው እኔና እሱ ነን። ሰውዬው «ድንኳን እንትከል» ሲል ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ እኔ ስጠራ ሁሉም ወገቡን ያመዋል። ሚስቴ አስናቀች እንኳ ገበያ ስትሄድ የቤታችንን ቁልፍ የምትሰጠው ለእሱ ነው፤ እኔ እቤት ቁጭ ብዬ። ያንገበግበኛል፣ አልደብቅም። ለዚህ ምርጫ ስል በየቤቱ እየዞርኩ ሰው ስለማመጥ ነው የከረምኩት።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በስብሰባው አዳራሽ አንዲት የጤና ባለሙያ ስለ አንጎል ልታስተምረን ተጋብዛ ነበር። ሰው ሰውን ሲያምን፣ ተባብሮ ሲሠራ፣ አንጎሉ የሚያመነጨው ሆርሞን አለ አለች። ዘርጋው ከፊት ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። እሱን ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዚያ የዕድራችን ድንኳን ራሱ ሰው ሲተክል አየሁ። ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ እያነሳ፣ እግራቸውን መሬት ውስጥ እየቀበረ በገመድ ይወጥራቸዋል። ደጃፉ ላይ አለቆች ተሰልፈው የበታቾቻቸውን «እባካችሁ እዘዙን» እያሉ ይለምናሉ። ነጭ ጋውን የለበሰች በግ ደግሞ የሁሉንም አናት እንደ ድስት ክዳን እየከፈተች ትመረምራለች።

የእኔን ከፈተችና አፍንጫዋን ያዘች።

«ምነው?» አልኳት።

«የእርስዎ ኮምጥጧል። ቅናት ነው። የመተማመኛው ሆርሞን ጠብታ የለም። ያለ እሱ ደግሞ ዳኛ አይኮንም።»

«የዘርጋውስ?»

«የእሳቸው ሞልቶ ስለፈሰሰ በጀሪካን ቀድተን ቤታቸው ላክነው።»

በጀሪካን! ደሜ ፈላ።

ወዲያው የዘርጋው አጥር ላይ ነበርኩ። ጀሪካኑን ልሰርቅ ስዘል ራሱ መጥቶ እግሬን ደግፎ አወረደኝ። «ቀስ በል ወንድሜ፣ ይከብዳል» ብሎ ተሸክሞ ሰጠኝ። ይሄኔ የባሰ ጠላሁት። አንስቼ ጨለጥኩት። ከጠጣሁት ሰው ሁሉ ያምነኛል ብዬ ነበር፤ ለካ የሚያምነው የጠጣው ነው። ደረቴን ሞቅ አለኝ። የቅርጫ ሥጋዬን ለውሻ አደራ ሰጠሁት፤ በጨርቅ ሸፍኖ ቁጭ ብሎ ይጠብቅልኝ ጀመር። ቁልፌን ለሌባ ሰጠሁት፤ ቤቴን ቆልፎ መለሰልኝና ደህና ዋል ብሎኝ ሄደ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በጓ ወንበር ላይ ወጥታ «ዘርጋውን የሚያምን እጁን ያውጣ» አለች።

እንባዬ እየወረደ እጄን ሰቀልኩ።

የሆነ ሰው ኮቴን ጎተተኝ። አስናቀች ነበረች። «ምን ነካህ ሰውዬ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ዓይኔን ገለጥኩ። አዳራሹ ውስጥ ነኝ፤ እጄ ተሰቅሏል፣ ምራቄ አገጬ ላይ ወርዷል። ሰብሳቢያችን ጋሽ ወልዴ «እኩል ለእኩል ሆነን ተቸግረን ነበር፤ አቶ ይልቃል ራሳቸው ለተፎካካሪያቸው እጅ አውጥተው ለዩልን። ዳኛችን አቶ ዘርጋው ናቸው» አሉ።

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበልኝ፤ ለእኔ። ዘርጋው መጥቶ አንገቴን አቀፈኝ። ጋሽ ወልዴ ተከትለውት መጡና ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እንዲህ ያለህ ቅን ሰው መሆንህን ብናውቅ ኖሮ እኮ፣ የምንመርጠው አንተን ነበር» አሉኝ።