ሜትር ያልነካው ቤት

መዶሻ የገዛ ባል ያለበት ቤት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤት መሆኑ ቀርቶ የሥራ ቦታ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የማያውቅ የለም። ወይ ጎረቤት ነው፣ ወይ አማች ነው፣ ወይም ዕጣው ከወጣባችሁ አጠገባችሁ የሚተኛው ሰው ራሱ ነው። የሚተዳደርበት ሙያ ሌላ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ግን ቀለም አይጠፋም። «ለዚህች ለዚህችማ ባለሙያ አንጠራም» ይላል። እሱ ከነካካው በኋላ ባለሙያ ቢጠራ ደግሞ፣ ባለሙያው መጥቶ፣ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ይመለሳል።

ፋርማሲስቷ ከሦስቱ የደረሳት የመጨረሻው ነው። ባሏ የሒሳብ አስተማሪ ቢሆንም ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ ሳቁን አፍኖ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው ሰው ነው። እሷ ደግሞ አጭር ናት። አጭር ሲባል እንዲሁ አጭር አይደለም፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሳል ሽሮፕ ለማውረድ በርጩማ በእግሯ እየገፋች የምትውል፣ ደንበኛ ሲገባ ከባንኮኒው ጀርባ ድምፅዋ ቀድሟት የሚሰማ ሴት ናት።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ቤቱ ኢንጂነሩ የተወለደበት፣ ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ቤት ነው። ቀለሙ ይረግፋል፣ በሩ ይንቋቋል፣ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ይደረደራል። የፋርማሲስቷ ታላቅ እህት መጥታ ዙሪያውን ካየች በኋላ፣ ይህን ሸጣችሁ እንደ ሰው አዲስ አፓርታማ ግቡ ብላ ቁርጡን ተናገረች። ኢንጂነሩ ያን ምሽት እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ሁለቱንም አስቀምጦ አንድ ዓመት ለመነ። ክፍሎቹን በገዛ እጁ አንድ በአንድ ሊያድስ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሚስቱ አልወደድኩትም ካለች ግን ቤቱ ሊሸጥ፣ እሱም አንዲት ቃል ላይተነፍስ ቃል ገባ። ይህ ሰው ደግሞ ቀለም ይሳሳታል እንጂ ቃሉን አያጥፍም።

ክቡርነታቸው ከሳሎኑ ጀመሩ። ቀለሙን ገዝቶ መቀባት ያንስብኛል ያለ ይመስል ራሱ ቀላቀለው። አንደኛው ጣሳ ሲያልቅ ሁለተኛውን በዓይኑ መጥኖ ቀላቀለ፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሲጨርስ አራቱ ግድግዳዎች አራት ዓይነት ቢጫ ሆኑ። ሚስቱ ከሥራ ገብታ መሀል ላይ ቆመችና ዞር ዞር ብላ አየች። ፀሐይዋ ናት ወይስ ዓይኔ ነው ብላ ጠየቀችው። «ጊዜያዊ ነው» አላት፤ «ሲደርቅ አንድ ይሆናል።» ደረቀ፤ አንድ አልሆነም። እንግዳ የሚቀመጥበትን ወንበር በቀየረ ቁጥር ሰዓቱ የመሸ ይመስለው ነበር።

ቀጥሎ ሳሎኑ መኝታ ቤት፣ መኝታ ቤቱ ሳሎን እንዲሆን ተወሰነ። ማን ወሰነ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አንድ ቀን ፋርማሲስቷ ከረዥም ፈረቃ ተመልሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ መኝታ ቤቷ ገብታ ልትጋደም ስትል ራሷን የምግብ ጠረጴዛ አጠገብ አገኘችው። ሶፋውን ወደ አዲሱ ሳሎን ለማስገባት ተሞከረ፤ በበሩ አልገባም። ሁለቱ በሮች እኩል ናቸው፤ ታዲያ ከወዲያኛው በር እንዴት ወጣ? ኢንጂነሩ በወረቀት አስልቶ መውጣቱ የማይቻል መሆኑን አረጋገጠ። ሶፋው ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ ሁሉ በላዩ እየተንጠላጠለ አለፈ፤ እንግዶችም ሐኪም እንደሚጠብቅ በሽተኛ በመስመር ተቀመጡበት።

የመብራቱ ነገር ግን ከሁሉም ባሰ። ገመዶቹን ከቀያየረ ወዲህ የወጥ ቤቱ መብራት የሚበራው ከመኝታ ቤት ነው። የመኝታ ቤቱ የሚበራው ከመታጠቢያ ቤት ነው። ኮሪደሩ ላይ ያለው ማብሪያ ምን እንደሚያበራ አልታወቀም፤ ጎረቤት ያሉት ጡረተኛ ግን የበረንዳቸው መብራት አንዳንዴ ራሱን ችሎ ቦግ እንደሚል ይናገራሉ። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ተናደደች፣ ከዚያ ግራ ተጋባች፣ ከዚያ ለመደች፤ መልመዷ ደግሞ ይበልጥ አስደነገጣት። አንድ ቀን መድኃኒት ቤቱ ሲጨልምባት ማብሪያ ፍለጋ ጎረቤት ያለው ጫማ ቤት ገብታ ተገኘች።

በዚህ ሁሉ መሀል ኢንጂነሩ ሜትር የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹን ለአንዲት ነጥብ ስህተት ያፋጥጣል። ቤቱ ሲገባ ግን «ሜትር ያሳስታል» ይላል። የሱ መለኪያ ሚስቱ ናት። ድስት ታማስል፣ ስልክ ታውራ፣ ፀጉሯን ታጥባ አረፋው ይንጠባጠብ፣ ግድ የለውም። «ነይ እስቲ ቁሚ» ይላታል። ግድግዳ አስደግፎ ክንዷን ያነሳዋል፣ ያወርደዋል፣ በእርሳስ ጭረት ያደርጋል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያያታል፣ «በቃ፣ ሂጂ» ይላል። ጥቂት ቆይቶ ጭረቱ ያለበት ቦታ ላይ ጠማማ መስቀያ፣ መደርደሪያ ወይም መስታወት ይመታል። በዓመቱ ውስጥ ስንት ምስር እንዳሳረረች እሷ ታውቃለች። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው የሚመልሰው ያችኑ ነው። ሜትሩ ያሳስታል፤ በቃ።

እንዲህ እየተባለ ዓመቱ አለቀ። እህት ሆዬ ቀኑን አልረሳችም። ደላላ ይዛ መጥታ ፋርማሲስቷን አፓርታማ ልታሳያት ወሰደቻት። ገና ሲገቡ ፋርማሲስቷ ዕንባ ዕንባ አላት። ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነው። በሩ ሲዘጋ አይሰማም። ማብሪያውን ተጫነችው፤ የበራው እዚያው የቆመችበት ክፍል ነው። ደግማ ተጫነችው። ሦስተኛ ስትሞክር እህቷ እጇን ይዛ አስቆመቻት። እፎይ ልትል፣ ዛሬውኑ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

ወጥ ቤት ገብታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዕቃ ሳጥን መዝጊያ ልትከፍት እጇን ስትሰድ ግን አልደረሰችበትም። ተንጠራርታ ከፈተችው፤ ውስጡ ያለው የታችኛው መደርደሪያ እንኳ ለጣቷ ጫፍ ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤት ገባች፤ መስታወቱ ያሳያት ግንባሯን ነው። ልብስ መስቀያው ከራሷ በላይ ነው። የመስኮቱን መቀርቀሪያ ለመያዝ መዝለል ነበረባት፤ በአዲስ ቤት ውስጥ ሰው ፊት መዝለል ደግሞ አሳፈራት። ደላላው፣ «ይለምዱታል እመቤት፣ ሁሉም ነገር በልኩ ነው የተሠራው» አላት። በማን ልክ ብላ ልትጠይቀው ፈለገችና ተወችው። እህቷ ረጅም ናት፤ እየተዘዋወረች ሁሉንም በእጇ እየዳሰሰች ታደንቃለች። ፋርማሲስቷ ለምን እሺ ማለት እንዳቃታት ለራሷም አልገባትም። ዓመቱን ሙሉ የተመኘችው ቤት ይኸው ነው፤ ነጭ፣ ጸጥ ያለ፣ ያለቀለት። እስከ ነገ መልስ እሰጣለሁ ብላ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ሐሳብ ላይ ነበረች። ሐሳብ ላይ እንዳለች ኮቷን ሰቀለች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ብርጭቆ አውርዳ ውሃ ቀዳች። ብርጭቆው ከንፈሯ ሲደርስ ቆም አለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችም ነበር። ቀስ ብላ ብርጭቆውን አስቀምጣ ግድግዳውን ዞረች። መስቀያው በትከሻዋ ልክ ነው። መደርደሪያው በዓይኗ ልክ ነው። ጠማማው መስታወት መሀል ፊቷ ሙሉውን፣ እስከ አገጯ፣ ቁጭ ብሏል። የተጣመመ ነገር ሁሉ፣ የተንሻፈፈ ነገር ሁሉ፣ እጇ ከሚያርፍበት ቦታ ዝንፍ አላለም። ዓመቱን ሙሉ እዚህ ቤት ውስጥ ተንጠራርታ አታውቅም፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ልብ አላለችውም። ሄዳ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሶፋ ላይ ተቀመጠች።

ኢንጂነሩ ከትምህርት ቤት ገባ። ወደ ወጥ ቤት ሲያልፍ እንደ ሁልጊዜው ግንባሩ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለው አምፖል ጋር ተላተመ። ግንባሩን እያሻሸ ወጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። እህቷ ደውላ አፓርታማው እንከን እንደሌለው ነግራው ኖሯል።

«ጥሩ ነው አሉ» አላት። «እንግዲህ የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ። እንሸጠዋለን።» የመጨረሻዋን ቃል ሲላት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው። «በየሱቁ ሜትር ሞልቶ፣ ዓመቱን ሙሉ እኔን ለምን ታቆመኛለህ?»

ግራ ተጋብቶ አያት። ጥያቄው እንዲህ ተራ ነገር ይሆናል ብሎ አልጠበቀም። «ሜትሩ ምን ያደርግልኛል?» አላት። «ዕቃ የምታወርጂው አንቺ ነሽ እንጂ ሜትሩ አይደለም። ውጪ ስትንጠራሪ ውለሽ ትመጫለሽ፤ እዚህም ትንጠራሪ?»

ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም ልትለው አሰበች፤ ግን የነገራት መስሎት እንደኖረ ፊቱ ላይ አየችው። ይህ ሰው መብራት አያውቅም፣ ቀለም አያውቅም፣ ሶፋ በየት እንደሚወጣ አያውቅም። እሷን ግን ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ያውቃታል። በዚህ ሁሉ አቧራና ሚስማር መሀል እንዲህ እንደምትወደው አስባ አታውቅም ነበር።

«አይሸጥም» አለች።

«ምኑ?»

«ቤቱ ነዋ።» ተነስታ ከጆሮው ላይ እርሳሱን መዘዘችው። ግንባሩ ላይ ያለውን አዲስ እብጠት አየች፤ አጠገቡ ሌላ አሮጌ፣ ከሱ በላይ ደግሞ ሌላ። እጁን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ወሰደችው። «ና እስቲ ቁም። ይሄ አምፖል ከፍ ማለት አለበት።»

ግድግዳውን አስደግፋ አቆመችው። እርሳሱን ይዛ እጇን ብትሰድ ከአገጩ ትንሽ አልፋ ቀረች። በርጩማ ፈለገች፤ ቤቱ ውስጥ በርጩማ የለም፤ ተፈልጎ አያውቅማ። ጫማዋን አውልቃ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች፣ አንድ እጇን ደረቱ ላይ አሳርፋ በሌላኛው እስከምትችለው ተንጠራራች። ኢንጂነሩ ሊያግዛት ጉልበቱን እጥፍ ማድረግ ጀመረ።

«አትጎንበስ» አለችው። «ቀጥ ብለህ ቁም።»

ቀጥ ብሎ ቆመላት፤ እሷም እየተንቀጠቀጠች ከአናቱ በላይ መስመሩን አሰመረች።