የእናት ርክክብ

ትናንት ሌሊት ያየሁት ነው ብል ባማረብኝ፤ የሕልም ወጉ ሌሊት ነውና። እኔ ግን ይህን ያየሁት ፀሐይ ወጥታ፣ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ፣ የልጄን የቀኝ እግር ጫማ አጥልቄላት የግራውን በእጄ እንደያዝኩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነርስ ተማሪ ነኝ። ያን ቀን በሕፃናት ዋርድ የስድስት ሳምንት ልምምዴ የሚያልቅበት ቀን ነበር። ልጄ ኤፍራታ ሦስት ዓመት ከሰባት ወሯ ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤታችን ይልቅ የጅቡቲ መንገድ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ልጄን የሚይዙልኝ ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ ናቸው። በዋርዳችን ሕግ ደግሞ አንዲት ነርስ በሽተኞቿን አልጋ በአልጋ ለተተኪዋ ሳታስረክብ፣ ተተኪዋም ተረክቤያለሁ ብላ ሳትፈርም፣ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ይህ ነገር ሳላውቀው ቤቴም ገብቷል። "ኤፍራታ፣ ሴት፣ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር። ትኩሳት የላትም። ግማሽ ሙዝ በልታለች። ሌሊት አንድ ጊዜ ተነስታለች" እላለሁ ጠዋት በሩ ላይ። እትዬ አልጋነሽ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ተረክቤያለሁ፣ ዶክተር" ይሉኛል። ኤፍራታ መሃላችን ቆማ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች።

ታዲያ እትዬ አልጋነሽ ቅዳሜ ለወንድማቸው ተዝካር ገጠር ወረዱ። "ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ከተፍ እላለሁ" ብለው በማርያም ምለውልኛል። መኪናው አንድ ሰዓት ላይ ይገባል፤ እኔ አንድ ተኩል ላይ ዋርድ መገኘት አለብኝ። አስተማሪያችን ሲስተር ዘውድነሽ፣ ልጄ አሟት የቀረሁ ጊዜ ቁርጡን ነግራኛለች፤ "አንድ ቀን ብትደግሚ ስድስቱንም ሳምንት ከሀ ትጀምሪያለሽ። ምርቃቱንም የዓመት ሰው ይበለን።" እሑድ ማታ ይህን እያሰብኩ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ኤፍራታ እንዳትሰማኝ ቧንቧውን ከፍቼ ነው ያለቀስኩት።

እና ሰኞ ጠዋት ጫማውን ይዤ በሩን እየጠበቅኩ ሳለ ኤፍራታ ብድግ አለች። ጫማውን ከእጄ ወሰደችና ለእኔ አጠለቀችልኝ። ልክ ሆነኝ። "ተነሺ፣ ረፍዷል" አለችኝ። ከበሩ ጀርባ አንቀልባውን አወረደችና እኔን እናቷን አዘለችኝ። እግሮቼ መሬቱን ይጠርጉ ነበር።

"አልከብድሽም እንዴ?" አልኳት።

"ለምጄዋለሁ" አለች።

መንገዱ ላይ ባጃጆች በሹፌሮቻቸው ትከሻ ተሳፍረው ይሄዳሉ። ትራፊክ ፖሊሱ መሃል አስፋልት ላይ ቆሞ "ኧረ እባካችሁ አንዳችሁ እንኳ አጥፉ!" እያለ ይለምናል። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ዳቦዎቹ ተሰልፈው ሰው ይገዙ ነበር። አንድ ሙልሙል ከሰልፉ ወጣ ብሎ ጉንጬን ጫን ጫን አደረገኝ።

"ይህቺ ትኩስ ናት?"

"የትናንት ናት" አለች ኤፍራታ።

"እንግዲያው ይቅርብኝ" ብሎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ትንሽ ከፋኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ዱላውን እያወዛወዘ "ሐኪም ሁሉ ውጣ! ሐኪም ሁሉ ውጣ! አስታማሚ ብቻ ይቅር፣ የዙር ሰዓት ነው!" ይላል። ሐኪሞቹ ፌስታላቸውንና ፔርሙሳቸውን ይዘው እየተንጠባጠቡ ወጡና ሣሩ ላይ ተደረደሩ። "ምን አሏችሁ?" ሲባባሉ እሰማለሁ። "ነገ ተመለሱ ነው የሚሉን።" የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ያለቅሳል። "ካርዷ ከተገኘ ሦስት ቀኑ! ባለካርዷ ናት የጠፋችው!"

"ይኸው አዝያታለሁ" አለችው ኤፍራታ።

በሕፃናት ዋርድ ሁሉም አልጋ የሕፃን አልጋ ነበር፤ የተኛንበት ግን አዋቂዎች ነን። እኔን አንዱ ላይ አስተኛችኝና የጎኑን ብረት ከፍ አደረገችብኝ። እግሮቼ በብረቶቹ መሃል ወጡ። ወዲያው ዙር መጣ። አምስት ሕፃናት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተከታትለው ገቡ። አለቃቸው ገና ጥርስ አላበቀለም፤ ለዚህ ይመስለኛል ሁሉም የሚፈራው። ግንባሬን ዳሰሰና ወደ ኤፍራታ ዞረ።

"ምን ሆና ነው የገባችው?"

"እንቅልፍ ነው" አለች።

"ታለቅሳለች?"

"በቧንቧ።"

አለቃው ራሱን ነቀነቀ። "ገንፎ ይታዘዝላት። እሹሩሩ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ።" አንዱ ሕፃን መርፌ ይዞ ቀረበ፤ መርፌው ግን ገና ሲያየኝ መንሰቅሰቅ ጀመረ። "አይዞህ፣ ቶሎ ያልቃል" ብዬ አባበልኩት። እንደ ወባ ታማሚ እየተንቀጠቀጠ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ።

ያኔ ደወል ተደወለ። የርክክብ ሰዓት ነበር። ኤፍራታ የልምምድ ደብተሬን ገልብጣ ይዛ አልጋዬ ራስጌ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እናት፣ ሴት፣ ሃያ ስድስት ዓመት። ትኩሳት የላትም። ጠዋት ሻይ ብቻ ጠጥታለች፤ ዳቦውን ለኔ ሰጥታ 'በልቻለሁ' ብላ ዋሽታለች። ሌሊት አራት ጊዜ ተነስታለች፤ ሁለቱ ለኔ፣ ሁለቱ ለደብተሯ። ትናንት ማታ ቧንቧ ከፍታ አልቅሳለች። ስትወጣ እጇን አልታጠበችም፤ ዓይኗን ነው የታጠበችው። ተረካቢ!"

አፈርኩ። ሁሉን የደበቅኩ መስሎኝ ነበር። ብርድ ልብሱን ስቤ ፊቴን ልሸፍን ብል፣ የሕፃን ስለሆነ አፍንጫዬ ላይ አለቀ።

መጀመሪያ አባቷ መጣ። ከነተሳቢው ያንን ከባድ መኪና በጀርባው ተሸክሞ፣ ወገቡ ጎብጦ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ገባ። ሳየው እንዴት ደስ እንዳለኝ! "እኔ እረከባታለሁ፤ እስቲ ይህችን ላውርድ" አለና ዋርዱን ዞረው። ማውረጃ ቦታ ግን አጣ። እንደተሸከመ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝና "ስመለስ" ብሎኝ ወጣ።

ቀጥሎ ሲስተር ዘውድነሽ እየሮጠች ገባች። የሰባት ዓመት ልጅ ሆናለች፤ የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርም ለብሳ ቦርሳዋ ከጀርባዋ ተለቅ ብሏል።

"ሲስተር፣ አረፈድሽ እንዴ?" አልኳት።

"እናቴን የሚረከብልኝ አጥቼ ነው" አለችና ንፍጧን ወደ ላይ ሳበች።

"አንድ ቀን ብትደግሚ ከሀ ትጀምሪያለሽ!" ብሎ ጮኸባት ጥርስ የሌለው አለቃ። ወይ ጉድ! በስድስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንጀቴን በላችው። በብረቶቹ መሃል እጄን ሰድጄ አፍንጫዋን ጠረግኩላት።

ኤፍራታ ሁለተኛ ተጣራች። "ተረካቢ!" ሦስተኛ ተጣራች። ሕፃናቱ አንድ በአንድ ጡጧቸውን እየያዙ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሲስተርም ቦርሳዋን አዝላ ተከተለቻቸው። ዋርዱ ውስጥ ልጄና እኔ ብቻ ቀረን።

"አንቺም ሂጂ በቃ" አልኳት። "ልጅ ነሽ፣ ውጪና ተጫወቺ።"

"ሳያስረክቡ አይኬድም" አለች። ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ ማንን ልውቀስ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ተረኛ የሆንሽው የኔ እናት?"

ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። "ሦስት ዓመት ከሰባት ወር" አለችኝ።

አልቅሼ እንዳላስጨንቃት ቧንቧ ፈለግኩ፤ ዋርዱ ውስጥ ቧንቧ የለም። እሷ ግን የእጄን አንጓ ያዘችና የልብ ምቴን መቁጠር ጀመረች። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ስምንት፣ ስምንት..."

"ከሦስት ቀጥሎ አራት ነው" አልኳት።

"ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው!"

ዓይኔን ገለጥኩ። ኤፍራታ ፊቴ ቆማለች፤ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ። አንጓዬን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ልክ እኔ ሳጠና እንደማደርገው የግድግዳውን ሰዓት አፍጥጣ ታያለች። "ስምንት፣ አሥር" አለች። ሰዓቱ አንድ ከሃያ ይላል።

በሩ ተበረገደና እትዬ አልጋነሽ ገቡ። ጥቁር ነጠላቸው አቧራ ለብሷል፤ ከተዝካሩ የተረፈ ድፎ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለዋል።

"ጎማ ፈንድቶብን ነው ልጄ፣ በማርያም! ደረስኩልሽ?"

ዘልዬ ተነሳሁ። "ኤፍራታ፣ ሴት፣ ሦስት ዓመት ከሰባት..."

"እኔ ነኝ የማስረክበው!" አለች ኤፍራታ። አንጓዬን አልለቀቀችም። "እናቴ ሻይ ብቻ ጠጣች። ትናንት ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች።"

እትዬ አልጋነሽ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ከድፎው ትልቅ ቁራሽ ገምሰው "ነይ አንቺ ሞኝ" እያሉ አጎረሱኝ፣ እንዳልናገርም እንዳላለቅስም አድርገው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ወደ ልጄ ጎንበስ አሉ።

"ተረክቤያለሁ፣ ዶክተር" አሏት።

"እሺ" አለች ኤፍራታ። እጄን ለቀቀችና ልትጫወት ወጣች።

አፌን እንደሞላሁ ሮጥኩ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆም፣ ለሹፌሩ ልከፍል እጄን ብዘረጋ የልጄን የግራ እግር ጫማ ዘረጋሁለት።