አባ ዝገት አራት ዓይን ያለውን ንጉሥ ከጭቃ ያወጡበት ዘመን

በዘመነ ካውያ፣ ይኸውም የእመቤቲቱ ካውያ በተቃጠለች በሁለተኛው፣ አማቲቱም ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቤቱ በገቡ በሦስተኛው ዓመት፣ የመታጠቢያው ቧንቧ ገና ማንጠባጠቡን ሳይተው፣ የተዘጋ በር ጠላት፣ ቁልፍ የጠፋባቸው ሁሉ መጠጊያ፣ ፈረስ ስለሌላቸው በብስክሌታቸው አባ ዝገት የተባሉት ቁልፍ ሠሪ፣ በጭቃ የተቀበሩ ነገሥታትን ሊያስነሡ ቆርጠው ተነሡ።

ቀኑን ሙሉ የሰው በር ከፍተው ሳይገቡ የሚመለሱ ሰው ነበሩና፣ አንድ ቀን እንኳ የከፈቱትን ነገር ውስጡን ራሳቸው ሊያዩ ይመኙ ነበር። ስለዚህም ቆራሌው ጭቃ የተጋገረባቸው ስድሳ ሦስት አሮጌ ሳንቲሞች በጣሳ ይዞ፣ ከአንድ ቤት መሠረት ተቆፍረው የወጡ፣ የንጉሥ ፊት ያለባቸው ናቸው እያለ በሩን ባንኳኳ ጊዜ፣ አባ ዝገት ላስጠግናት ብለው የወሰዷትን ካውያ በልዋጭ ሰጥተው ጣሳውን ታቅፈው ገብተው በመስኮቱ መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ሚስታቸው እመቤቲቱም ይህን ባዩ ጊዜ ወገባቸውን ይዘው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«በዚህ ቤት ያላችሁ ሁሉ ስሙ! ካውያዬ ሄዳ ጭቃ መጥቷል። እስከ አርባ ቀን ፊት ያለው አንድ ነገር ከዚህ ጣሳ ካልወጣ፣ ጣሳው ወደ ቆራሌው፣ የመስኮቱ መደርደሪያ ወደ አበባዬ! ከዚያ ወዲያ አሮጌ ሳንቲም የሚባል ቃል እዚህ ቤት አይነሣም!»

የአማቲቱ ነገር ግን ከዚህም ይብስ ነበር። እርሳቸው የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸውና፣ ልጅዎን የሚያገባት ቁልፍ ሠሪ ነው ቢሏቸው የልብስ ቁልፍ መስሏቸው፣ በመጡበት ዕለት ሁለተኛው ቁልፉ የጠፋውን ኮታቸውን ዘርግተው አንድ ሥራልኝ አሉ፤ አባ ዝገትም የበር ነው እንጂ የኮት አይደለም ብለው በሳቅ ፈነዱ። ያ ሳቅ ጉድ አፈላ። አማቲቱ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ፊት ነሷቸው፣ በአንድ ገበታ ተቀምጠውም ጨው አቀብለኝ የሚሉት በልጃቸው በኩል ሆነ።

የዘመቻው ሠራዊት ይህ ነበር፦ ሳንቲሞቹ የሚዘፈዘፉባቸው፣ የተጣራ የባትሪ ውሃ የተሞሉ ስድስት ብርጭቆዎች፤ ጡረታ የወጡ ሦስት የጥርስ ብሩሾች፣ ከእነርሱም አንዱ ጡረታ መውጣቱን ባለቤቱ ገና ያልሰማ፤ አንድ ፓኮ ስቴኪኒ፤ ጎረቤታቸው ሰዓት ሠሪው ከነማጉያ መነጽሩ፤ ድመቲቱም፣ የማን ወገን እንደሆነች እስከ ዛሬ ባይታወቅም። ሰዓት ሠሪውም የጦሩ መካሪ ነበርና «በብረት መፋቅ ክልክል ነው! ጭቃውን በብረት የፋቀ ፊቱንም አብሮ ይፍቃል!» ሲል ዐወጀ።

ከዚህም በኋላ ውሃው በየሦስት ቀኑ እየተለወጠ፣ ብሩሹ እያለቀ፣ የአባ ዝገት ጥፍር እየጠቆረ፣ በአሥረኛው ቀን አሥራ አራቱ የምስማር ራስ ሆነው ተገኙ፤ በሃያኛው ቀን ዘጠኙ ጠጠር ሆኑ፤ ቀጥለው የጸዱትም ሳንቲም መሆኑንስ ሳንቲም ነበሩ፣ ነገር ግን ዘመን ፊታቸውን ልሶ እንደ ምስር ልሙጥ አድርጓቸው ነበር። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ስድሳ ሁለቱ ወድቀው አንዲት የጭቃ እንክብል ብቻ ቀረች፤ አባ ዝገትም ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

በአርባኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ እንክብሏን በስቴኪኒ እያባበሉ ሳለ፣ ሁለት ዓይኖች ተከፍተው አዩዋቸው። ያን ጊዜ ብድግ ብለው «ንጉሡ ነቅቷል! ኑና እዩ! ዓይኑን ገልጦ እያየኝ ነው!» ብለው ቤቱን አናወጡት። እመቤቲቱ የአበባውን ማሰሮ እንደታቀፉ፣ አማቲቱ ከነኮታቸው፣ ሰዓት ሠሪውም መነጽሩን በዓይኑ እንደሰካ ተሰበሰቡ። አባ ዝገትም አፍንጫውን ለማሳየት ጥቂት ቢፈትጉ፣ ሦስተኛ ዓይን ወጣ፤ ደንግጠው ቢጨምሩ፣ አራተኛው ወጣ።

ሰዓት ሠሪው ስለ ወዳጅነት ብሎ ኮርኒሱን መመርመር ጀመረ። በአባ ዝገት መዳፍ ላይ የተቀመጠው አራት ቀዳዳ ያለው የነሐስ የልብስ ቁልፍ ነበር። እመቤቲቱ ማሰሮውን ወደ መደርደሪያው አንድ እርምጃ አስጠጉ።

በዚህ ጊዜ አማቲቱ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን አነሡና ሦስት ዓመት ባዶ በኖረው በኮታቸው ቦታ ላይ ለኩት። የሌሎቹ ቁልፎች እኅት ባይሆንም የአክስት ልጅ ይመስል ነበር። ወደ ልጃቸውም ዞረው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ስሙ! ፊት ያለው ነው የተባለው፤ ይኸው አራት ዓይን አለው። ዓይን እያለው ፊት የለውም የሚል ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ! እኔ ልጄን የዳርኩት ለቁልፍ ሠሪ ነው፤ ሦስት ዓመት ፈጀበት እንጂ ሠራልኝ። ጣሳው ይቆያል፣ አበባው ሌላ መስኮት ይፈለግለት!» ፊታቸውንም ወደ አባ ዝገት መልሰው፣ «አንተ ደግሞ ልጄ፣ መርፌና ክር አምጣ!»

ይህንም ብለው በጥርሳቸው ሁሉ ሳቁ፤ ያ ጥርስ በየትኛው ብሩሽ እንደነጣ ግን ይህ መጽሐፍ አይናገርም።

ስለዚህ አባ ዝገት፣ የጭቃ ድል አድራጊ፣ የስቴኪኒ አርበኛ፣ ስማቸው ከፍ ይበል! ሌሎች ጌቶች ቅጥር ሰብረው ከተማ ከፈቱ፤ እርሳቸው ግን የንጉሥ ፊት ፍለጋ ወጥተው የተነሡትን ፊት መልሰው አገኙ፣ የትኛውንም በር በማይከፍት ቁልፍ።