ፈተና የገባው ኮት

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሆሳዕና ውስጥ፣ አንድ ኮት ወደ ፈተና ገባ። እኔ በር ላይ ቀረሁ።

ሰው በመልኩ ይታወቃል የሚላችሁ ካለ፣ በር ላይ ቆሞ አያውቅም! ዛሬ ልጄ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ካርድ ያስነኩታል፤ በሩ "ጢጥ" ብሎ ይከፈታል። በደርግ ጊዜ እኔ በተማርኩበት የመምህራን ማሠልጠኛ "ጢጥ" የሚሉት ዘበኛው ጋሽ ላምቦሬ ነበሩ።

የዚያን ዓመት ለተማሪውም ለሠራተኛውም ፎቶ ያለበት የመግቢያ ካርድ ታደለ። ፎቶውን ሁላችንም የተነሣነው አቶ ሽፈራው ፎቶ ቤት ነው። አቶ ሽፈራው ደግሞ ሰው በሹራብ ፎቶ ሲነሣ ማየት አይወዱም። ምስማር ላይ የሚሰቅሉት ባለ መስመር ኮት ነበራቸው። ከፎንቆ የመጣውም፣ ከአንጋጫ የመጣውም፣ ወንዱም ሴቱም እሱኑ ለብሶ ተነሣ። ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ! ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው የገባን ኋላ ነው።

ዳይሬክተሩ ለጋሽ ላምቦሬ የሰጧቸው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ "ካርዱና ሰውየው ካልተመሳሰሉ እንዳታስገባ።" ትእዛዙ ሥራ ላይ የዋለው በፈተናችን ጠዋት ነው። ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል፤ ከተጀመረ በኋላ የመጣ አይገባም፤ ያልገባ ዓመቱን ይደግማል።

ጋሽ ላምቦሬ ካርዴን አዩ። እኔን አዩ። እንደገና ካርዱን አዩ።

"ኮትህስ?"

"ጋሽ ላምቦሬ፣ እኔ እኮ ነኝ! ትናንት ከቤተ ክርስቲያን አብረን አይደል የወጣነው?"

"ትናንት እሁድ ነው። ይሄ ሰውዬ ኮት አለው፤ አንተ የለህም።"

"ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው!"

"እንግዲያው ካርዱንም ለፎቶ ቤቱ መልስለት።"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ በሹራብ ነበር... የክፍል ጓደኛዬ ማርቆስ ነገሩ ገባውና ወደ ፎቶ ቤቱ በረረ። ሲመለስ ኮቱን ለብሷል።

"ሦስት ሰዓት ላይ የሀቢቾ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ፎቶ ሊነሡበት ነው፤ እስከዚያ መልሱልኝ ብለዋል አቶ ሽፈራው" አለን።

ጋሽ ላምቦሬ ካርዱን አዩ፤ ማርቆስን አዩ። "ግባ፣ ልጄ!"

ማርቆስ እንደገባ ኮቱን አወለቀና በቅንጭቡ አጥር ላይ ወደ ውጭ ወረወረው። ቀጣዩ ለበሰ፤ ገባ፤ ወረወረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አንድ ኮት ግን ለሃምሳ ሰው መታወቂያ እንደሚሆን ያየሁት ያን ቀን ነው! እኔ "ሴቶች ይቅደሙ" ብዬ ነበር። ጨዋነቴን ያያችሁ... የመጨረሻው ሰው ሆንኩ።

ኮቱ እጄ ላይ ሲያርፍ ዳይሬክተሩ በካኪ ልብሳቸው ደረሱ። የፈተናው ወረቀት በቦርሳቸው ነው።

"ጓድ ዳይሬክተር፣ ኮትዎስ?" አሉ ጋሽ ላምቦሬ።

"እኔን አታውቀኝም?"

"እኔማ አውቅዎታለሁ። ካርዱ ነው የማያውቅዎት።"

ትእዛዙን የሰጡት ራሳቸው ዳይሬክተሩ ናቸው። ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ያንን ኮት አምጣው።"

ኮቱን ከሰጠሁ እሳቸው እንደለበሱት ይገባሉ፣ ወረቀቱ ይታደላል፣ በሩ ይዘጋል፤ እኔ ዓመቱን እደግማለሁ።

"ጓድ ዳይሬክተር፣" አልኩ፣ "እርስዎን ፈተናው ይጠብቅዎታል። እኔን አይጠብቀኝም።"

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

"ቶሎ በል!"

ለበስኩ፤ ገባሁ፤ ወረወርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ኮቱ ቅንጭቡ ላይ ተንጠለጠለ። ዳይሬክተሩ ሲያወርዱት ጋሽ ላምቦሬ በትራቸውን አቀበሏቸው እንጂ ከበሩ ንቅንቅ አላሉም።

ከፈተናው በኋላ ጠየቅኳቸው። "ጋሽ ላምቦሬ፣ ኮቱ አንድ መሆኑን አላዩም?"

"አየሁ እንጂ። የታዘዝኩት እንዳመሳክር ነው፤ ኮት እንድቆጥር አይደለም።"

ፈተናው የተጀመረው ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ያደሉት ኮቱን እንደለበሱ ነው። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ሽፈራው ኮታቸውን ሊወስዱ በሩ ላይ ደረሱ። ካርድ አልነበራቸውም።