ጋሼ መመሪያና የብብቱ መስመር

መመሪያ የሚያነብ ሰው የሌለበት ፎቅ የለም። ሊፍት የሌለው ፎቅ አለ፤ ውኃ የማይወጣበት ፎቅ ሞልቷል፤ መመሪያ አንባቢ ግን አይታጣም። እናንተም ታውቁታላችሁ። የራስ ምታት ክኒን ልትውጡ ውኃ ስትቀዱ፣ ከፓኮው ውስጥ ያቺን ሰባት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ፣ ዘርግቶ፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣ "ቆይ ቆይ፣ ጉበትህን ታመህ ታውቃለህ?" የሚላችሁ እሱ ነው። ወረቀቱን አንብቦ እስኪጨርስ ራስ ምታቱ ራሱ ሰልችቶት ይሄዳል።

የእኛ ፎቅ መመሪያ አንባቢ ከእኔ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ጡረተኛ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያነሳ የለም፤ ለሁላችንም ክቡር ጋሼ መመሪያ ናቸው። ፊታቸው ላይም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል።

ሊፍታችን ውስጥ የሚችለውን ክብደት የምትናገር ቆርቆሮ ተለጥፋለች። ከሠሪዋ በኋላ አንብበው የጨረሷት እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ ጠዋት ሁላችንም ሥራ ረፍዶብን እንደ ጆንያ ታጭቀን ሳለ፣ በሩን በእግራቸው ያዙና ወደ ሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ዞሩ። "ይቅርታ እመቤቴ፣ ክብደትዎ ስንት ነው?" ወይዘሮዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ በደረጃ ነው የሚወርዱት። ቀንሰዋል ይባላል።

ጁስ መፍጫ የገዛሁ ዕለትም ሳልጠራቸው መጡ። የአዲስ ዕቃ ካርቶን ሽታ በግድግዳ ያልፍላቸዋል።

"ወረቀቱ ምን ይላል?" አሉ ገና ከበሩ።

"ምን ይላል ጋሼ፤ ሰክቶ መጫን ነው።"

"የታለ?"

"ጣልኩት።"

ልጃቸው የጠፋ ያህል ደነገጡ። የቆሻሻ መጣያዬን ገልብጠው፣ ከሽንኩርት ልጣጭ መሀል ወረቀቱን አወጡና ቆመው ማንበብ ጀመሩ። "ከመጠቀምዎ በፊት ክዳኑ በሚገባ መገጠሙን…" ይህን ሲሉ እኔ ማስነሻውን ተጭኜ ነበር። ጣሪያዬ ላይ ያለችው ቢጫ ክብ የዚያን ዕለት ማንጎ ናት። ጋሼ መነጽራቸውን በመሐረብ ጠርገው ከቆሙበት ቀጠሉ፤ "…ያረጋግጡ።"

ግን ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አይሆንም። ጋሼ ጉልበታቸውን የጨረሱት በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። እዚያ ኃይል ለማጥፋትም ሆነ ለመመለስ የተጻፈ ትእዛዝ ይመጣል። አንዱ አንዲት መስመር ያነባል፤ ሌላው ቃል በቃል ይደግማታል፤ ይፈጽማታል፤ "ተፈጽሟል!" ይላል። ከዚያ ነው ሌላ መስመር። ስለዚህ ጋሼ ምንም ነገር ሲያነቡ፣ ጋዜጣም ቢሆን፣ ከታች ያለውን በማስመሪያ ይሸፍናሉ።

"ያልደረስኩበትን አላነብም" ይላሉ። "ዐይን ከቀደመ እጅ ይከተለዋል፣ ልጄ። አንድ ባልደረባ ነበረኝ፤ ከእኔ የፈጠነ። ሦስተኛውን እያየ ሁለተኛውን ዘለለ። ዕድሜውን ሙሉ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ኖረ።"

ይህን ሲሉ ማንም አይስቅም።

እግዜር ሲያጣምር ደግሞ አይቶ ነው። ባለቤታቸው እትዬ በሕይወታቸው ወረቀት አይተው የሠሩት ነገር የለም። እትዬ ሹራብ ሠሪ ናቸው። አውቶቡስ ውስጥ ከፊታቸው የተቀመጠን ሰው ጀርባ አይተው፣ ሰውየው ሳይወርድ አሠራሩን በዐይናቸው ይጨርሱታል። በፎቃችን ያለ ሕፃን ሁሉ አፉን የፈታው የእትዬን ሹራብ እጅጌ እያኘከ ነው። እኔም አንድ አለኝ። ጋሼማ ቁም ሣጥን ሙሉ አላቸው። ለራሳቸው ግን እትዬ አንድም አልሠሩ። "ይደርሳል" ይሉ ነበር።

አልደረሰም። ጣቶቻቸው ቀስ በቀስ እየደረቁ፣ መገጣጠሚያቸው እያበጠ፣ በመጨረሻ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጅ የሚያነሱ ሆኑ። መርፌዎቹ መስኮቱ ላይ ጣሳ ውስጥ ቆመው ቀሩ። እንደ ሬዲዮ ተናጋሪ የነበሩት ሴት ዝምታ ጀመሩ። ሐኪሙ ቀኝ እጃቸው በቀዶ ሕክምና ይሞከራል አለና፣ ክረምቱ ሲወጣ የሚደርስ ቀጠሮ ሰጥቶ የሆስፒታሉን ወረቀት አስያዛቸው።

ወረቀት! ጋሼ ማስመሪያቸውን አወጡ።

"ታካሚዋ ከፊት የሚከፈት፣ እጅጌው ሰፊ፣ የሚያሞቅ ልብስ ይዛ ትምጣ" ይላል አንዱ መስመር፤ በፋሻ የታሰረ እጅ እንዲያልፍበት መሆኑ ነው። ማንኛችንም ብንሆን ገበያ ወጥተን አንድ እንገዛ ነበር። እትዬ ግን፣ "የማሽን ሹራብ ያሳክከኛል" አሉ፤ እውነታቸውን ይሁን ኩራት አላውቅም። ጋሼ ጥቂት አሰቡ። ማግስቱን ከክር ቤት ግራጫ ክርና አንዲት የታተመች የሹራብ መመሪያ ይዘው ተመለሱ።

"አንተ?" አሉ እትዬ። "አንተ ሰውዬ፣ ቁልፍ መትከል እንኳ አትችልም እኮ!"

"መመሪያ አለው" አሉ ጋሼ።

ወረቀቷን አየኋት። "ቀ2 ግ2፣ እስከ ረድፉ መጨረሻ ይድገሙ" ትላለች። ለእኔ የመኪና ታርጋ ነው። ለጋሼ ግን ከጡረታ በኋላ በቋንቋቸው ያናገራቸው የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አልቀረም። "ቀ" ማለት ክሩን ከኋላ አድርጎ በቀጥታ መሥራት፣ "ግ" ማለት ከፊት አድርጎ ገልብጦ መሥራት መሆኑን ከግርጌው አነበቡ። የእጁን ነገር እትዬ በአፋቸው አሳዩ፤ "አስገባ፣ ጠምጥም፣ አውጣ፣ ጣል። ሌላውን ከወረቀትህ ጋር ተወጣው።"

መመሪያው መጀመሪያ መዳፍ የምታህል ሙከራ ሥሩ፣ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ፣ ለኩ ይላል። በዓለም ላይ ይህን የፈጸመ ሰው ካለ ጋሼ መመሪያ ናቸው። በረንዳቸው ላይ ያቺ ግራጫ ቁራጭ ብቻዋን ተሰጥታ አየኋት።

እትዬ ከወራት በኋላ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። "ስንቱን ሳለብስ አንድ ቀን ሙከራ አጥቤ አላውቅም! ምነው፣ አሽሞንሙነህ ልትድራት ነው?"

ሙከራዋ ጠብባ ተገኘች። ጋሼ ክሩን እንደ ከፍተኛ ኃይል ገመድ ወጥረውት ኖሯል። መመሪያው "ከጠበበ ወፈር ያለ መርፌ ይጠቀሙ" ስለሚል ተጠቀሙ፤ እትዬን ትክ ብለው አይተው፣ "አየሽ? አስቦበታል" አሉ። መመሪያውን የጻፈውን ሰው ማለታቸው ነው፤ ጓደኛቸው ሆኗል።

ጀርባው አለቀ። የግራው ፊት ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ልጠጣ ስገባ ጋሼ መስኮቱ ሥር፣ ማስመሪያው ወረቀቱ ላይ፣ ምላሳቸው በከንፈራቸው ጥግ ብቅ ብላ አገኛቸዋለሁ። እትዬ ከጎናቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ዐይናቸውን ከመርፌው አይነቅሉም።

አንድ ቀን፣ "ብብቱስ?" አሉ።

"የቱ ብብት?"

"እጅጌው የሚገባበት ነዋ። አንገቱን እያጠበብክ ወጣህ፤ ብብቱን መቼ ልትጎርድ ነው?"

"ገና መስመሩ አልደረሰም።"

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ በዐይኔ…"

"ወረቀቱ ምን ይላል?"

እትዬ ወደ እኔ ዞረው ትከሻቸውን ሰበቁ። ጋሼም አንገቱን በአንድ ወገን እየቀነሱ፣ እየቀነሱ፣ ትከሻው ድረስ ወጡ። "ተፈጽሟል!" አሉ። ማስመሪያውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ።

ከዚያ ማስመሪያው እዚያው ቀረ። ተነሥቼ ከትከሻቸው በላይ አነበብኩ። "ይህን በሚሠሩበት በተመሳሳይ ጊዜ፣ በሌላው ወገን ብብቱን እንደሚከተለው ይቀንሱ።"

"በተመሳሳይ ጊዜ" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። "በተመሳሳይ ጊዜ! ከሆነ በኋላ ነው የሚነገረኝ? ይህ ሰው በእኛ ጣቢያ ቢቀጠር ኖሮ አንድ ከተማ አጨልሞ ይወጣ ነበር! በእኛ ሥራ በተመሳሳይ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። አንድ መስመር፣ አንድ እጅ!"

ጓደኝነቱ እዚያው ላይ ፈረሰ። ሳቄን ልለቅ ስል ግን ፊታቸውን አየሁ። ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሁለተኛው ፊት አልተነካም፤ እጅጌዎቹ የሉም። ጋሼ መመሪያ ያለቀ ሥራ ሳይኖር ወረቀት ሲያጥፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አጠፉት፣ ደግመው አጠፉት፤ መርፌውን አስቀመጡ።

"በቃ" አሉ። "የማሽኑን እገዛልሻለሁ። ሆስፒታሉ ይበርዳል። ትንሽ ቢያሳክክሽ ነው።"

እትዬ በዚያ በደረቀ እጃቸው ሹራቡን ከጋሼ ጭን ላይ ሳቡት፤ መርፌውን በጥርሳቸው ነቀሉና ጫፉን ይዘው ጎተቱ። ትርርር አለ። የስንት ቀን ድካም ረድፍ በረድፍ ተተረተረ።

"እትዬ!" አልኩ።

"መተርተር ጣት አይፈልግም፣ የኔ ልጅ" አሉ። "ጨካኝ ልብ ነው የሚፈልገው። አንተ፣ ምን ታየኛለህ? ጠቅልል!"

ጋሼ ጠቀለሉ። ክሩ ከእትዬ እጅ ወደ ጋሼ እጅ ሲሄድ ሳይ፣ እትዬ እጃቸውን ክር ውስጥ ካስገቡ ስንት ጊዜያቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ብብቱ መጀመር የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ዐይናቸው አወቀው፤ ቆሙ።

"በል። አንተ ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ አታነብም። እሺ፣ አታንብብ። የአንገቱን መስመር ይህ ልጅ ይያዝ፤ የብብቱን እኔ እይዛለሁ። አንተ መሥራት ብቻ።"

"አንቺ? ከወረቀት ላይ?"

"መነጽሬን አምጣልኝ!"

እንዲህ ሆነና የእትዬ ሳሎን ማከፋፈያ ጣቢያ ሆነ። ጋሼ ደንቡን አስረዱን፦ አንባቢ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሠሪ ይደግማል፤ ሳይደገም የሚፈጸም ነገር የለም። እኔ፣ "ከአንገት በኩል፣ ሁለቱን አንድ ላይ!" እላለሁ፤ ሁለት የክር ቀለበት አጣምሮ መቀነስ ማለት ነው። እሳቸው ይደግማሉ፣ ይሠራሉ፣ "ተፈጽሟል!" ይላሉ። ረድፉ ሌላው ጫፍ ሲደርስ እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ "ከብብት በኩል፣ ሁለቱን አንድ ላይ!" ይላሉ። ሥልጣን እንደሚጥም ያወቁት በሁለተኛው ቀን ነው።

"ከብብት በኩል፣ ሁለቱን አንድ ላይ!"

"ከብብት በኩል፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ተፈጽሟል!"

"ለእንግዳው ሻይ ጣድ!"

"ለእንግዳው ሻይ… ቆይ፣ ይህ ወረቀቱ ላይ አለ?"

"በተመሳሳይ ጊዜ ነው የሚለው" አሉ እትዬ፣ ዐይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ።

በቀጠሮው ዋዜማ የመጨረሻው ቁልፍ ተተከለ። ቁልፉን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ እትዬ እንዳሉት ጋሼ አይችሉም፣ መመሪያውም ዝርዝሩን አልሰጠም።

ጠዋት ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ። ነርሷ የአልጋ ልብስ አንጥፋ፣ "እማማ፣ ከቤት የመጣ ልብስ እዚህ አይለበስም፤ ያውልቁልኝ" አለች። ጋሼ አፋቸውን ሳይከፍቱ እትዬ ቀደሟቸው።

"እስቲ ወረቀቱ ምን ይላል?"

ነርሷ አነበበች፤ ፈገግ አለች። "ከፊት የሚከፈት፣ እጅጌው ሰፊ… እሺ፣ ሲወጡ እናለብስዎታለን። የት ነው የተገዛው? እንዴት ያምራል!"

"አይገዛም" አሉ እትዬ። "ሰው አሠርቼ ነው።"

ወደ ውስጥ ከተወሰዱ በኋላ ጋሼና እኔ መተላለፊያው ላይ ተቀመጥን። ሹራቡ ጭናቸው ላይ ነው። ጋሼ ግድግዳው ላይ ያለውን የእሳት ማጥፊያ መመሪያ አነበቡ። "አታጭሱ" የሚለውን አነበቡ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን አነበቡ። ከዚያ የሚነበብ አለቀ። የታጠፈውን የሆስፒታል ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ጀርባውን፣ "ከቀዶ ሕክምና በኋላ" የሚለውን፣ እስከ ዛሬ አላነበቡትም፤ አልደረሱበትማ። ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "እስቲ ቀደም ብለህ ከታች ያለውን አንብብልኝ።"

ጋሼ መመሪያ ናቸው እንዲህ ያሉት። አነበብኩላቸው፤ ፋሻው እንዳይረጥብ፣ እጁ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ። መጨረሻው ላይ፣ "ሐኪሙ ሲፈቅድ ታካሚዋ ቀስ በቀስ ቀላል ሥራ መሞከር ትችላለች" ይላል።

"ሹራብስ?" አሉ። "ስለ ሹራብ ይላል?"

ወረቀቱን አየሁት። እሳቸውንም አየኋቸው።

"ይላል ጋሼ" አልኩ። "ሹራብ መሥራት ትችላለች ይላል።"

እጄን ዘርግቼ ወረቀቱን አቀረብኩላቸው፤ መነጽራቸው ዐይናቸው ላይ ነው፣ ማስመሪያው ኪሳቸው ውስጥ ነው። አልተቀበሉኝም። ሹራቡን ጭናቸው ላይ ደግመው አጠፉትና፣ እንደ ደንቡ፣ ቃል በቃል ደገሙት።

"ሹራብ መሥራት ትችላለች።"