የአያ ደግሰው ብቸኛ መብት

የንግድ ጥበብ ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ሰቆጣ ድረስ መምጣት ይበቃል። ይህን ለትውልድ እንመሰክራለን። በ1999 ዓ.ም. ከተማችን ሁለት ጌም ቤቶች ነበሯት። አንዱ የአያ ደግሰው ነው፤ ጆይስቲኩ ግራ ሲሉት ቀኝ ይሄዳል። ሌላው የዘመናይ ነው፤ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ባመጣችው ማሽን የከፈተችው፣ የታመሙ እናቷን የምታሳክምበት። የሁለቱ ማሽን ዓይነቱ ስለሚለያይ የአንዱን ሲዲ ሌላው አያነብም። ወጣቱ በሙሉ ዘመናይ ጋ ነው የሚሰለፈው።

ተራ ሰው ቢሆን ጆይስቲኩን ያስጠግን ነበር። አያ ደግሰው ግን ባለ ራእይ ናቸው። ከወልድያ ሲዲ የሚያመላልሰውን ካሤን ጠርተው አንድ ገንቦ ነጭ ማር አሸከሙት።

«ከዛሬ ጀምሮ ሲዲ የምታመጣው ለኔ ብቻ ነው።»

«የሷንም ማሽን ሲዲ?»

«በተለይ የሷን።»

«አያ፣ የርስዎ ማሽን እኮ አያነበውም።»

«ያንብብ መች አልኩህ? እሷ እንዳታስነብበው ነው።»

እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ። አያ ደግሰው ግን በቁማቸው ሳሉ ሰርዶውን ገዝተው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። የዘመናይ አሮጌ ሲዲዎች እየተጫሩ አለቁ፤ ቤቷ ጭር አለ፤ የእናቷ መድኃኒት ነገር እንቅልፍ ነሳት። የአያ ደግሰው ቤትም እንደ ወትሮው ጭር እንዳለ ነው፤ የሳቸው ግን የድል ጭርታ ነበር።

ዘመናይ ሽማግሌ ሰበሰበች። አውራው ሽማግሌ አባ ገብረ ኢየሱስ ጌም የሚባል አይተው አያውቁም፤ በንብ ዳኝነት ግን የሚስተካከላቸው የለም።

«ንቡ ያንተ ነው?» አሉ።

«ሲዲ ነው፣ አባ» አሉ አያ ደግሰው።

«እሺ። ቀፎውስ?»

«የኔ ነው፣ አባ» አለች ዘመናይ።

«ንብን ከቀፎው ለያይቶ ማኖር በዋግ ነውር ነው። ደግሰው፣ ወይ ንቡን ስጣት፣ ወይ ቀፎውን ከሷ ግዛ።»

መስጠት የሚባል ነገር በራእዩ ውስጥ አልነበረም። አያ ደግሰው ማሽኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን የኳስ ተጫዋች ፎቶ ሳይቀር ጠቅልለው ገዙ። ዘመናይ ዋጋውን ስትጠራ አላፈረችም።

በማግስቱ ንግግር አደረጉ። «ክቡራንና ክቡራት፣ የሰቆጣ የጌም ዘርፍ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቤት ሆኗል። ምርጫ ሰውን ግራ ያጋባል። እኛ ከዚህ ገላግለናችኋል።» ደስ ብሎን አጨበጨብን፤ ግራ ተጋብተን መኖራችንንም ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ የዘመናይ የነበረው ጆይስቲክም ግራ ሲሉት ቀኝ መሄድ ጀመረ።

«አያ፣ ያስጠግኑት እንጂ» አሉ ወጣቶቹ።

«ባላስጠግነው የት ልትሄዱ?»

ጥያቄው ጥልቅ ነበር። ወጣቶቹ መልሱን ዘመናይ አዲስ ቤት አገኙት። በሽያጩ ገንዘብ ጆተኒ አሠርታለች፤ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ዘንግ ላይ የተሰኩ ተጫዋቾች፣ አንዲት ኳስ። ሲዲ አይል፣ መብራት አይል። የእናቷም መድኃኒት ሳይቋረጥ ይገዛል።

አንድ ቀን አያ ደግሰው ራሳቸው መጡ። ሰልፉን አዩ፤ ጠረጴዛውን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አሰቡ። አሁንስ ተማሩ አልን።

«ዘመናይ፣ ይቺን ኳስ ትሸጭልኛለሽ?»

«ጠረጴዛውንስ አይፈልጉም፣ አያ?»

«ጠረጴዛ ምን ያደርግልኛል? ኳሷን ብቻ። ግን ለኔ ብቻ።»

ሸጠችላቸው። ኳሷን ኪሳቸው ከተው ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። ከኋላቸው አንዱ ወጣት ከጉልት ሎሚ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ፤ ጨዋታው ቀጠለ።

አያ ደግሰው ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። ሰሞኑን ካሤን አስጠርተው፣ ሰቆጣ ገበያ ሎሚ የሚያመጣው ማን እንደሆነ እያጠያየቁ ነው።