«ብርዱ ይበቃል» ባዩ ባልደረባዬ

ውድ አንባቢ፣ ኮምፒውተር ገጥመው ሲጨርሱ አንዲት ገመድ ተርፋብዎት ያውቃል? ባልደረባዬ መምህር ይትባረክ እንዲህ ያለችውን ገመድ «ትርፍ ናት» ብለው ኪሳቸው ከሚከቱት ሰዎች ወገን ነው። የተማሪዎች ውጤት በምንሠራበት ኮምፒውተር ላይ ሙቀቱን በሚዞር ውኃ የሚያወጣ ማቀዝቀዣ ሲገጥም፣ የማራገቢያዎቹን ገመዶች ሰክቶ ውኃውን የሚገፋውን የፓምፑን ገመድ ተዋት።

«ይቺ ለዓባይ በረሃ ናት፤ ለደብረ ማርቆስ ብርዱ ይበቃል!» አለን።

ማራገቢያዎቹ ሰማያዊ ብርሃን እየረጩ ዞሩ። እኛም በመስኮቱ ከሚያልፈው ጉም ጋር የምንንሳፈፍ እስኪመስለን ፈዘን አየናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ግሎ ጠፋ፤ አንዴ ቢሆን ባልከፋ፣ ሦስቴ! ወላጆች ደግሞ የልጆቻቸውን ካርድ ሊወስዱ በር ላይ ቆመዋል። እኔም ውኃው ካልተገፋ ሙቀቱን ይዞ እንደማይሄድ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ማስረዳት ጀመርኩ።

ከቁይ የመጡ አንድ ገበሬ ወላጅ አቋረጡኝና ወደ ይትባረክ ዞሩ። «ልጄ፣ የመስኖው ሞተር ሳይነሣ ቦዩን ብታራግብ ማሳው ምን ይጠጣል?»

ይትባረክ አንገቱን ደፍቶ ገመዷን ከኪሱ አወጣና ሰካት። ውኃው እንደ ሩቅ ምንጭ ማጉረምረም ጀመረ፤ ካርዱም ታተመ። እስቲ እርስዎም ሳጥኑን ከመክደንዎ በፊት ጆሮዎን ጠጋ አድርገው ውኃው ሲሄድ ያድምጡ።